ወደ ኋላ መራመድ

ጠዋት ተነሳሁ፤ ውሃ ጣድኩ፤ ሻይ አፈላሁ። አማቴ ከእኔ ቀድመው አልጋቸውን አንጥፈው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ዳቦ ቆርጬ አቀረብኩላቸው። የራሴን ሻይ ቆሜ ጀመርኩት፤ ከዚያ የታጠበ ልብስ ላጥፍ ሄድኩ፤ ከዚያ የበሩን ቁልፍ መፈለግ ያዝኩ። ስመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል።

«ቁጭ ብለሽ ብትጠጪው ምናለበት?» አሉኝ።

«ይረፍድብኛል እማማ።»

«ገና ጎረቤት እንኳ አልተነሳም። አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?»

ሣቅ አልኩ። ቁጭ ካልኩ መነሳት ያቅተኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

«ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ይተዉልሻል?»

«ዓርብ ይለይለታል።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ልጃቸው ካረፈ ወዲህ ሁለታችንም አጭር አጭር ማውራት ለምደናል።

እሱና እኔ የምናስተምረው አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱ ለትንንሾቹ ሒሳብ፣ እኔ ለትልልቆቹ። በዓመቱ አጋማሽ ሲያርፍ፣ ክፍሉን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለእኔ ስጡኝ ብዬ ጠየቅኩ። ርዕሰ መምህሩ እያቅማሙ ፈቀዱ። ባለፈው ሳምንት ግን ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«እህቴ፣ ላስቀይምዎ ብዬ አይደለም» አሉ፣ የጠረጴዛቸውን መስታወት በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ልጆቹ ከኔጌቲቭ ቁጥር ጋር ተኳርፈዋል። ዓርብ እኔው ራሴ እፈትናቸዋለሁ። ከግማሽ በላይ ከወደቁ ክፍሉን አዲሱ መምህር ይረከባል። እርስዎም ያርፋሉ።»

«አልደከመኝም።»

«ድካም አላልኩም» አሉ። ምን እንዳሉ ግን አልጨመሩበትም።

ያን ጠዋት ክፍል ስገባ ልጆቹም እንደኔው አንድ ቦታ አልረጋ ብለዋል። እርሳስ ይወድቃል፤ ወንበር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አንዱ የሌላውን ላጲስ ወደ መስኮት ይወረውራል። ሰሌዳው ላይ «ከኔጌቲቭ ሦስት ሁለት ሲቀነስ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ያው ራዲዮ ናት። ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ጓደኞቿ ናቸው ያን ስም ያወጡላት።

«አምስት።»

«እንዴት አምስት ሆነ?»

«እርስዎ ነዎታ ያሉን ቲቸር። ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ሲገናኙ ፖዘቲቭ ይሆናሉ።»

«እሱ ለማባዛት ነው።»

«ማባዛትማ ገና አልደረስንም» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው። ይቺን ደግሞ ዳኛዋ ይሏታል፤ በእረፍት ሰዓት ኳስ መስመር አለፈ አላለፈ የምትፈርደው እሷ ናት። «ያልደረስንበትን ሕግ ለምን ሰጡን?»

ክፍሉ ሣቀ። ሰሌዳውን እያጠፋሁ ሳለ ከኋላ አንዱ ልጅ ለጎረቤቱ ብቻ ያወራ መስሎት ጮክ ብሎ፣ «መምህር በሕይወት እያሉ ይሄን እኮ እናውቀው ነበር» አለ። ወዲያው በክርን ሲመቱት ሰማሁ።

ዞር አልኩ። «እሳቸው እያሉ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እንሄድ ነበራ።»

«የት?»

ሁሉም ወደ ወለሉ አዩ። እኔም የሚያዩት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ከበሩ እስከ መስኮቱ ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም ረጅም መስመር አስምሮ፣ መሐሉ ላይ ዜሮ፣ በመስኮቱ በኩል ፖዘቲቮቹን፣ በበሩ በኩል ኔጌቲቮቹን ጽፎ ነበር። ክፍሉን ስረከብ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ጠረጴዛዎቹን እሱ ላይ መደርደር ነው። ብርሃን እንዲደርሳችሁ ነው ብያቸዋለሁ።

«በሉ፣ ጠረጴዛዎቹን ግፏቸው» አልኩ።

እንዲህ በአንድ ቃል ሲታዘዙኝ አይቼ አላውቅም። ጩኸቱ ከጎረቤት ክፍል መምህር አስወጣ። መስመሩ አቧራ ለብሶ ወጣ። ራዲዮ በጫማዋ ጠርጋ ኔጌቲቭ ሦስት ላይ ቆመች። ዳኛዋ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከጎን ቆመችና ድምጿን አወፍራ፣ «መጀመሪያ ፊት፣ ከዚያ እግር» አለች። «ሲደመር ፊት ወደ መስኮት፤ ሲቀነስ ፊት ወደ በር። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ፊት ሂዱ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ወደ ኋላ። ማንም እንዳይሮጥ።»

የማን አነጋገር እንደሆነ ልትነግረኝ አላስፈለጋትም።

ራዲዮ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ሁለት ተራመደች። ቁልቁል አየች። «ኔጌቲቭ አምስት። አንድ ሳምንት ሙሉ ተጣልተን የነበረው በዚህ ነው እንዴ?»

«አሁን ከሁለት ላይ ኔጌቲቭ ሦስት ቀንሱ» አልኩ።

በክርን የተመታው ልጅ ወጣ። ሁለት ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እግሩን አነሳ። ግራውን ግን አላነሳውም፤ ወለሉ ላይ ጎተተው። ሽርር የሚል ድምፅ ወጣ። እንደገና ቀኙን አነሳ፤ ግራውን ጎተተ። አምስት ላይ ደርሶ ቆመ።

ቀጥሎ የወጣው ልጅም እንደዚያው አደረገ። ከእሱ ቀጥላ የወጣችውም እንደዚያው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

«እግራችሁን ምን ሆናችሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትጎትቱታላችሁ?»

ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፤ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ፣ «ወደ ኋላ ሲኬድ ግራ እግር ይጎተታል ቲቸር» አለኝ።

«ሕጉ ነው» አለች ዳኛዋ።

ደወሉ እስኪደወል ጥያቄ ስሰጣቸው ቆየሁ። ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ኋላ የሚያስኬዱ ጥያቄዎች ነበሩ።

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛዎቹን መልሰን፣ ተቀምጠው የሚሠሩት መለማመጃ ፈተና ሰጠኋቸው። ሁሉም አቀርቅረው ይጽፋሉ። ከጠረጴዛዎቹ ሥር ግን ሽርር፣ ሽርር ይላል። ርዕሰ መምህሩ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ? አይጥ ገባ እንዴ?»

«ወደ ኋላ እየሄድን ነው» አለች ራዲዮ።

«ተቀምጣችሁ?»

«ፈተና ላይ መነሳት ስለማይፈቀድ።»

አጠገቧ ያለውን ወረቀት አነሱ፤ ከዚያ ሌላም አዩ። ከዚያ በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝ።

«መልሳቸው ጥሩ ነው፤ አልዋሽም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ ግን የሌላ ክፍል ልጆችም እዚሁ አብረዋቸው ይፈተናሉ። በእግር ምልክት ይሰጣጣሉ ብሎ አንዱ ቢከስ ምን እላለሁ? እግር ከሰማሁ ወረቀት እሰበስባለሁ።»

«ገብቶኛል።»

ለመሄድ ዞሩና ቆሙ። «አረማመዱን አውቄዋለሁ» አሉ። «ስንት ዓመት በዚህ ኮሪደር ሳልፍ ከክፍሉ ሰምቼዋለሁ። ግን ምን ላድርግ እህቴ።»

ተመልሼ ገባሁ። ሁለት ጣቶቼን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አቁሜ አሳየኋቸው። «ነገ የሚሄዱት እነዚህ ናቸው። እግር ከወለሉ ጋር ጸጥ ይላል። ፊት ማዞሩም በጣት፣ መራመዱም በጣት።» ጣቶቻቸውን አቆሙ። አንዳንዱ ጣቱን በእርሳስ ፊት ሣለለት። ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን የግራው ጣት ይጎተታል፤ ጣቱ ሲጎተት ደግሞ እግራቸውም ሳይታወቃቸው አብሮ ይጎተታል። ሽርር።

«እግር ጸጥ» አልኩ።

«እኛ ምን እናድርግ፤ ራሱ ነው የሚሄደው» አለ አንዱ።

ዳኛዋ እጇን አወጣች። እንደ ሌላው ጊዜ ፈገግ አላለችም።

«ቲቸር፣ እግር ካልተጎተተ መልሱ ይሳሳታል?»

ሁሉም ጣታቸውን አቁመው ጠበቁኝ። አዎ ብላቸው ያምኑኛል። አዎ ብላቸው ደግሞ ነገ ወረቀታቸው ይሰበሰባል፤ ሰኞ አዲሱ መምህር ይገባል።

«አይሳሳትም» አልኩ። «ሕግ አይደለም።»

«ታዲያ መምህር ለምን ይጎትቱ ነበር?»

«ግራ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ወደ ኋላ ሲሄዱ አልታጠፍ ይላቸው ነበር።»

ራዲዮ እንኳ ዝም አለች። ያ በክርን የተመታው ልጅ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ የገዛ እግሩን አየ።

«አመማቸው እንዴ? አልነገሩንም እኮ።»

«ለማንም አይነግሩም ነበር» አልኩ። «በሉ፤ ከኔጌቲቭ አንድ ላይ ኔጌቲቭ አራት ቀንሱ።»

ጣቶቹ ተራመዱ። በመጀመሪያው ጥያቄ ጥቂቶቹ ጎተቱ። በሚቀጥሉት የሚጎትቱት እያነሱ ሄዱ። ሰዓቱ ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነበር። ጎበዞች አልኳቸው፤ ጎበዞችም ነበሩ።

ዓርብ እየተፈተኑ ሳለ መግባት አልተፈቀደልኝም። ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ተመላለስኩ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ምን እንደሚል ብጠየቅ ግን አልመልስም። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እያበሰች፣ «እትዬ፣ ወይ ይቁሙ ወይ ይቀመጡ፤ የጠረግኩትን ነው የሚረግጡት» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ ምንም አይሰማም።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቶቹን አቅፈው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። ከጥቂት ልጆች በቀር ሁሉም አልፈዋል። «ክፍሉ የእርስዎ ነው» አሉ።

ለአማቴ ነገርኳቸው። «እሰይ ልጄ» አሉ። ሻይ አቀረቡልኝ፤ ግማሹን ተቀምጬ ጠጣሁት፤ ግማሹን ቆሜ።

ሰኞ ጠዋት፣ ለሽልማት ብዬ፣ ጠረጴዛዎቹን አስገፋሁና መስመሩን ከፈትኩላቸው። ልጆቹ ተሻምተው ወጡ። ዳኛዋ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ራዲዮ ከጎን ሆና እንደ ኳስ ጨዋታ ታስተላልፋለች። ከሁለት ላይ ኔጌቲቭ ሦስት ቀንሱ አልኳቸው። አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ በሩ እያዞሩ ወደ ኋላ ተራመዱ፤ አምስት ላይ ደረሱ። ሁሉም ሁለቱንም እግራቸውን ያነሳሉ።

ሌላም ሰጠኋቸው። ሁሉንም በትክክል ሠሩ።

አሁን በዚያ ክፍል ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው የለም።