ተቀምጠዋል፣ ዘጠና ሰባት በመቶ

ተቀምጠዋል ይላል፣ ከምሳ በፊት ጀምሮ አሁንም ተቀምጠዋል፣ ኮሪደር፣ ዘጠና ሰባት በመቶ፣ ስልኳን ታጠፋና መልሳ ታበራዋለች፣ ያው ነው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ግን ወንበር የለም። በርጩማም የለም። ራሷ ናት ሁሉን ያወጣችው፣ አባቷን እንዳያደናቅፋቸው ብላ ምንጣፉን ሳይቀር ጠቅልላ አልጋ ሥር የከተተችው፣ ታዲያ ምን ላይ ነው የተቀመጡት፣ እስቲ ንገሪኝ አንቺ ብልጥ ነኝ ባይ፣ አባትሽ ምን ላይ ተቀመጡ?

ታክሲው አይነቃነቅም። ከፊት አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተገትሯል፣ ከኋላ ሁሉም ጥሩምባውን ያስጮኻል፣ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አውጥቷል፣ አይዞሽ እህቴ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚባለው፣ ምን ፈሶባት ምን እንደምትለቅም እሱ ምን ያውቃል። ወርዳ ብትሮጥስ? ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ልቧ አፏ ውስጥ ገብቶ፣ ደግሞ ዕድሏን ታውቀዋለች፣ ልክ ስትወርድ መንገዱ ይከፈታል። ትደውላለች። ይጠራል። የአባቷ ስልክ ሁሌም ትራስ ሥር ነው የሚውለው፣ ከኮሪደሩ ይሰማል፣ ይሰሙታል እኮ፣ እየሰሙት ነው፣ ሰምተው ተነስተው ሊያነሱት አቅቷቸው ነው። ትዘጋዋለች። ደግማ ትደውላለች።

ተቀምጠዋል የምትለው ሳጥን ከመዳፍ አትበልጥም። ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር፣ ሥራ ቦታዋ ዕቃ አመላላሽ ሮቦቶች ሆድ ውስጥ የሚከቷት ዓይነት፣ ይሄ ግድግዳ ነው፣ ይሄ ካርቶን ነው፣ ይሄ ሰው ነው ቁም፣ ብላ እዚያው በዚያው ለሮቦቱ የምትነግረው፣ ኢንተርኔት ሳትለምን፣ ማንንም ደጅ ሳትጠና። አንዷን ለአባቷ ሠራቻት፣ ካሜራ ሰካችባት፣ እንዳትግል ማራገቢያ ገጠመችላት፣ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለቻት። አባቷ አንጋጠው አዩና፣ ሰላይ አመጣሽብኝ? ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ነገር ሳያጣሩ አይለቁም፣ በገዛ ቤቴ ከሽንት ቤት ሱሪዬን እየጎተትኩ ስወጣ የሚያየኝ ሰው አልፈልግም፣ ሰው አይደለም አባባ፣ ማሽን ነው፣ ማሽኑ ያየውን ለማን ይናገራል? ለኔ፣ አንቺሳ ሰው አይደለሽም? እንደ ምስክር አቁመው አስማሏት፣ ቃል በቃል እያስደገሙ፣ የርስዎ ምስል ከዚህ ቤት አይወጣም፣ እኔም አላይም፣ ሌላም አያይም። ማለች። መሐላዋንም ጠበቀች፣ ካሜራው ያያል፣ ቦርዷ ትለያለች፣ ምስሉ እዚያው ይጠፋል፣ ከቤቱ የሚወጣው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ቆመዋል። ተቀምጠዋል። ተኝተዋል። ወድቀዋል። መጀመሪያ ላይማ ቆሟል ነበር የምትለው፣ አባቷ ሰምተው ቱግ አሉ፣ ይህች ክብሪት የምታህል ነገር ናት እኔን አንተ የምትለኝ? አንቱታውን ጨመረችላቸው፣ አሁን ጨዋ ሆነች ብለው ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ምስሉን ማየት ብትችል። አንዴ ብቻ። ከውጭ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ አላስቀረችም፣ ሌባ እንዳይገባ፣ እሷም እንዳትገባ፣ ሰው ናት፣ ትፈተናለች ብላ፣ ጎሽ፣ ጎበዝ፣ አሁን በገዛ እጅሽ የቆለፍሽው በር ላይ ቆመሽ አንኳኪ።

ወንድሟ ጋ ትደውላለች፣ ሌላ ከተማ ነው ያለው፣ ምን ሊያደርግላት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ሰው ትፈልጋለች። ያንቺ ማሽን ምን ይላል? ተቀምጠዋል ይላል። ታዲያ ተቀምጠዋላ! አንቺ ደግሞ ጭንቀት ፍለጋ ትሄጃለሽ፣ አይሳሳትም ያልሽኝ ራስሽ አይደለሽ እንዴ፣ አዎ ራሴ ነኝ፣ አልተሳሳተችም እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው፣ እንዴት ብዬ ላስረዳህ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ የኔ እህት፣ ቆየት ብዬ እደውላለሁ። ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

አልተሳሳተችም። ያስተማሯትን ነው የምትለው፣ ማን አስተማራት፣ አንቺ። ወርክሾፑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ፣ በያጇ ጓደኛዋ ካሜራ ይዛ በሳቅ እየተንፈራፈረች፣ ወደፊት ውደቂ፣ አሁን ወደኋላ፣ በጎን፣ አይ ይሄ ውድቀት አይደለም ይሄ ጭፈራ ነው፣ ድገሚ፣ የሥራ ባልደረቦቿም ከምሳ መልስ እየመጡ ወደቁላት፣ አለቃቸው ሳይቀር ቀበቶውን አጥብቆ ዘጭ አለላት፣ ያን ቀን እንደሳቁት ስቀው አያውቁም። ሁሉም ጎረምሳ፣ ሁሉም ዘጭ ብሎ ብድግ የሚል። ሽማግሌ ግን ዘጭ አይልም። አባቷን ክረምት ላይ ኩሽና በር ላይ አይታቸዋለች እኮ፣ በሁለት እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እርጥብ ፎጣ ከሚስማር ላይ እንደሚንሸራተት፣ ያን ጊዜ አጠገባቸው ነበረች፣ ያዘቻቸው። ያንን ለቦርዷ አላሳየቻትም። ከየት ታምጣው፣ አባባ እስቲ ለካሜራ አንዴ ይውደቁልኝ ይባላል? ስለዚህ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጀርባውን ቀና አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ያለን ሰው ስታይ ምን ትበል፣ ተቀምጠዋል፣ ዘጠና ሰባት በመቶ። ወድቀዋል ስትል ነው የምትጮኸው። ለተቀመጠ ሰው አትጮህም፣ እንዲህ ሆና ነው የተሠራችው፣ ልጃቸውም ከምሳ በፊት ጀምሮ ሮቦት ስትፈታ ስትገጥም ውላ ስልኳን ያየችው በአጋጣሚ ነው።

የፈሩት ይደርሳል። ልብስ ሰፊዋ! ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ ቁልፍ ሰጥታታለች፣ ይኸው ስንት ጊዜ ደውላላታለች፣ አታነሳም፣ አንሺው በናትሽ፣ አንሺው አንሺው፣ ወይ እህቴ፣ ይቅርታ፣ የስፌት መኪናው እየጮኸ አልሰማሁም፣ ምነው ድምፅሽ? አባባ ወድቀዋል። ማን ነገረሽ? ማንም። ግቢና እይልኝ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው። መቀስ ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ ይሰማታል፣ ነጠላ ጫማ ደረጃውን ሲመታ፣ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ቁልፉ እምቢ ይላል፣ ሁሌም እምቢ ይላል፣ ወደ ራስሽ ሳብ አድርገሽ አዙሪው፣ ሳብ!

ስልኳ ላይ ቃሉ ይቀየራል። ቆመዋል፣ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ። ተነሱ! ተነሱ እኮ፣ ልቧ ዘለለ፣ ከዚያ ተመልሶ ቁጭ አለ፣ ቦርዷ ሰው መቆሙን እንጂ ማን እንደሆነ አትለይም፣ የቆመችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ጋሼ! ኸረ በሞትኩት፣ ጋሼ! የሚለው ድምፅ ከስልኩ ይመጣል፣ ከዚያ ልብስ መንሿሿት፣ ተናገሪ እንጂ ምን ትጎለቻለሽ፣ አሉ? አሉ፣ ደህና ናቸው፣ ማለቴ ነፍሳቸው አለች፣ ዳሌያቸውን ነው የሚሉት፣ አትንኪኝ ይላሉ፣ አምቡላንስ ልጥራ፣ ቆይ አንቺን ይፈልጋሉ፣ ጆሯቸው ላይ ላድርግልሽ።

እምዬ።

አባባ፣ መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ አይዞዎት፣ ታክሲው ነው እንጂ፣

ቆየሽ፣ ይላሉ አባቷ፣ ቁጣ የለበትም፣ ድምፃቸው ደርቋል። እኔማ አልጮህኩም። ለምን እጮሃለሁ፣ ጎረቤት ምን አሰበሰበኝ፣ ያቺን ነገርሽን እያየሁ እጄን ሳውለበልብልሽ ነው የዋልኩት። ቀኙ ሲዝልብኝ በግራው። ትመጣለች አልኩ። አላየሽኝም እንዴ?

አባባ፣ መሐላው፣

እሱንማ እኔው ነኝ ያስማልኩሽ፣ መች ጠፋኝ። ግን ልጅ አይደለሽ? ሰርቀሽ ታዪኛለሽ ብዬ ነው።

አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ሹፌሩ በመስታወት ያያታል፣ ዞር ይላል፣ የጭነት መኪናው እንደተገተረ ነው፣ አላየሁዎትም ልትል ትከፍታለች፣ እውነቱ ይኼ ነው፣ ዳኛ ፊት ሐሰት አይነገርም፣ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከምሳ በፊት ጀምሮ፣ ከጎረቤት ተደብቀው ለእሷ ብቻ፣ ቦርዷም ያንን እጅ እያየች ተቀምጠዋል፣ ተቀምጠዋል፣ ምስሉም ወዲያው እየጠፋ፣ የትም የለም፣ አሁን የትም ቢፈለግ የለም።

አየሁዎት፣ ትላለች። አይቼዎታለሁ አባባ፣ ሲያውለበልቡ። መንገዱ ነው ያልተከፈተልኝ።

እሰይ፣ ይላሉ፣ ትንፋሻቸው ረዘም ብሎ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ ለግድግዳ ነው እንዴ የማውለበልበው ብዬ።