የመንገድ ሥራው ቀርቷል

ክሌርሲና የቀቀለችውን ስኳር ድንችና የጨው ዓሣ በቅርጫት ተሸክማ አቀበቱን በሩጫ ያህል ወጣችው። እሑድ ዕለት ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ የአሜሪካኖቹን አዛዥ ወረቀት አንብበው ነበር፤ የግዳጅ የመንገድ ሥራ ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው ሳይወድ ድንጋይ አይፈልጥም ይላል። ልጇ ኦሬስ ግን ይህን አልሰማም። ሁለት ወር ሙሉ ተራራው ላይ፣ በወንድሟ ጎጆ ውስጥ ተደብቋል።

አሜሪካኖች ሄይቲን ከያዙ ወዲህ መንገድ የማይሠራ ወንድ የለም። ኦሬስም የዓመቱን ግዴታ ጨርሶ ካርድ ተሰጥቶት ነበር። አንድ የአሜሪካኖቹ ዘበኛ ግን ካርዱን ገበያ መሀል ቀዶ ጣለና እንደገና አሰረው። በሦስተኛው ሳምንት አምልጦ ሲመጣ ወገቡ ላይ የገመዱ ሰንበር ነበር።

ጎጆው ደርሳ ስትነግረው ስኳር ድንቹን እያላመጠ ሰማት።

"ወረቀት እኔም ነበረኝ እኮ፣ እማዬ።"

"ያ የዘበኛ ወረቀት ነው። ይሄ የነጩ አለቃ ነው፤ አባ ራሳቸው አነበቡት።"

"አባስ ድንጋይ ፈልጠው ያውቃሉ?"

"አፍህን ሰብስብ። ማሽላህን ወፍ እየጨረሰው ነው። አናይዝ በዚያ ሆዷ ቀኑን ሙሉ ወፍ ስታባርር ትውላለች።"

የሚስቱ ስም ሲነሳ ፊቱ ተለወጠ። ሐሙስ እወርዳለሁ አላት።

በመልሷ ወንዙ መሻገሪያ ጋ ስትደርስ የዶማ ድምፅ ሰማች። ሠላሳ ያህል ወንዶች ወገባቸው ላይ በአንድ ገመድ ተያይዘው ድንጋይ ይፈልጣሉ። ጎረቤቷ ፌኔሉስ በመካከላቸው አለ። ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ከጫካ የወረደው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ከፊቷ ተቀምጦ ሲዘምር ነበር። አሁን ቀና ሳይል፣ "እታለም፣ ላይ ያለ ሰው እዚያው ይቅር" አላት።

የሚጠብቃቸው ዘበኛ ተጠጋ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የኦሬስ እናት አይደለሽም? ነጩ ስሙን ጽፎ ይዟል። ቅዳሜ ቤትሽ እንመጣለን።"

"ሞቷል" አለች። እናት በገዛ ምላሷ የልጇን ሞት ስትጠራ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? "ትኩሳት ነው። እላይ ቀበርነው።"

ቀዩን ሻሿን አየና ሳቀ። "በቀይ ነው እንዴ የምታዝኚው? ይሁን፤ ቅዳሜ ለቅሶ እንደርሳለን። ሚስቱ ስታለቅስ እናያለን።"

ከዓይኑ እስክትሰወር ቀስ ብላ ሄደች፤ ከዚያ በጫካው ዞራ ተመልሳ ወጣች። ኦሬስ የሆነውን ሲሰማ ለመሳቅ ሞከረ።

"በምን ሞትኩ?"

"በትኩሳት።"

"ደህና። ለአናይዝ ግን እውነቱን ንገሪያት። አደራ።"

እሺ አለችው። ቁልቁለቱንም ያንኑ እሺታ ለራሷ እየደገመች ወረደች።

አናይዝ ማሽላው ዳር በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ቆማለች። "እማማ፣ መቼ እመጣለሁ አለሽ?"

ክሌርሲና አየቻት። ይህች ልጅ ውሸት አታውቅም፤ የደበቀችው ሁሉ ፊቷ ላይ ይነበባል። ቅዳሜ ዘበኞቹ የሚያዩት ያንን ፊት ነው። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ትነግራታለች፤ ያኔ ይቅር ትበላት፣ አትበላት።

ወደ ቤት ገባች። ሳጥኗን ከፍታ ባሏ ሲሞት ያሰረችውን ጥቁር ጨርቅ አወጣችና ለሁለት ቀደደችው። ግማሹን በቀዩ ሻሽ ፋንታ አስራ ወጣች፤ ግማሹን ለአናይዝ ዘረጋችላት።