ለአባቴ ምርቃት መላሽ

ማህሌትን የወለድኩ ጊዜ አማቴ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። "በኦሮምኛ አታጫውቻት። ምላሷ ይተሳሰራል፣ ትምህርትም አይገባትም" አሉኝ። ባሌ ቀናውም "እማዬ ታውቃለች" አለ። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ ምን ብዬ ልከራከር?

አባቴ ሰቦቃ ከቂሊንጦ እየመጣ ይጠይቀናል። ማህሌት በአማርኛ ሰላም ብላው ታልፋለች፤ እሱም ፀጉሯን ይዳብሳል። አማርኛ ያውቃል፣ ከብት ሲሸጥበት ኖሯል። ምርቃት ግን በአማርኛ አይወጣለትም።

የልጄ ሠርግ ደረሰ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የሽማግሌ ጉልበት ስማ ትመረቃለች። በእኛ ወገን ደግሞ መራቂው አንድ ነገር ባለ ቁጥር የተቀመጠው ሁሉ "ሃ ታኡ" ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። መላሽ ያጣ ምርቃት መሬት ይወድቃል። ከእኛ ወገን የሚመጣው ወንድሜ ቃልቤሳ ብቻ ስለሆነ፣ ሊመልስለት የነበረው እሱ ነው። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ግን ደውሎ፣ "መኪናዬ ሞጆ ላይ ቆሞብኛል፣ አልደርስም" አለኝ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመስኩም።

አማቴ ጓዳው በር ላይ ወንበር ይዘዋል።

"አባትሽ በአማርኛ ይመርቁ፣ እንግዳ አለ።"

"አይሆንለትም እማማ።"

"እንግዲያው ያሳጥሩት። ቢረግሙንስ በምን እናውቃለን?" አሉ። የቀናው አክስቶች ሳቁ።

የቀናው ወገኖች መረቁ፣ ቤቱ አሜን አለ። ከዚያ ማህሌት አያቷ እግር ስር ተንበረከከች። አባቴ እጁን ዘርግቶ በኦሮምኛ ጀመረና እንደ ልማዱ መልስ ለመጠበቅ ገታ አለ። የሚመልስ የለም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ማህሌት ቀና ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ። አባቴ ደገመ፤ ድምፁ ወርዷል፣ የተዘረጋው እጁም ዝቅ ማለት ጀመረ። አሁን ሊተወው ነው አልኩ በልቤ።

የያዝኩትን ትሪ አማቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

"ያዙልኝ እማማ።"

በእንግዳው መሃል አልፌ ልጄ ጎን ተንበረከክሁና "ሃ ታኡ" አልኩ። አባቴ ቀጠለ፣ እኔም መለስኩ።

"አንቺም በይ" አልኳት ማህሌትን።

እሷም አለች። ምላሷ አልተሳሰረም። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ረጅሙን ምርቃት አንድም ሳያስቀር እስኪጨርስ ሁለታችንም አልተነሳንም።