ዐይን የጣለው ሹፌር

ጡረታ የወጣ ሹፌር ቤት ሲውል መከራው ለሚስቱ ነው። የእኛው ሰውዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የቤቱን የበር ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀብቶ ጨረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ ቆሞ "ቀስ በይ፣ ወደ ቀኝ ያዢ" ማለት ጀመረ። ሰፈርተኛው "ማርሽ" ነው የሚለው፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦም ቀኝ እጁ ማርሽ ሲቀይር ይውላልና።

የባለቤቱ እጅ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የውሃ ጀሪካኑ ሳይቀር ዳንቴል ለብሷል። ማርሽ "ትንሽ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እኔንም ታለብሺኛለሽ" እያለ ያሾፍባት ነበር። ሹራብ ሠርታ ያላለበሰችው ዘመድ የለም። ለራሷ ግን አንድም አልነበራትም። አምና "አሁንስ የራሴ ተራ ነው" ብላ ወይን ጠጅ ቀለም ክር ገዛች። ፊቱንና ጀርባውን ጨርሳ፣ አንዱን እጅጌ ሠርታ፣ ሌላው ሲቀራት የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጦ መርፌ አልይዝ አላት። ክኒኑ ሕመሙን አስታገሰላት እንጂ ጣቶቿን አልመለሰላትም። ሹራቡን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም፣ አላማረረችም። የማርሽን አንጀት የበላው ይኸው ዝምታዋ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እሷ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ ፌስታሉን አወረደና በብብቱ ሸጉጦ ከማዶ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄደ።

"አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀረው? በሁለት ቀን እጨርስልዎታለሁ" አለችው።

"አይ፣ የምጨርሰው እኔ ነኝ። አንቺ አሳዪኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ለመዋጥ መቀሷን ስትፈልግ ቆየች፤ መቀሷ እጇ ላይ ነበር።

ሰውየው ቁልፍ መትከል እንኳ የማያውቅ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት መርፌዎቹን እንደ መሪ ጨብጦ ሲያልበው ሰነበተ። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የጀመረው ለሚስቱ ብሎ ቢሆንም የቀጠለው ደስ ስላለው ነው። መስመሩ ያልቃል፣ ትዞራለህ፣ ደግሞ ትመለሳለህ፤ የድሮ ሥራው ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ የሚጨቃጨቅ ተሳፋሪ ብቻ የለበትም። ሥራ የፈታው ቀኝ እጁ እፎይ አለ።

ነገሩ የተበላሸው ግን በአንዲት ቃል ነው። ልብስ ሰፊዋ መርፌው ላይ የሚደረደሩትን የክር ቀዳዳዎች "ዐይን" ትላቸዋለች። አንዱ ከመርፌው ሾልኮ ሲወርድ "ዐይን ጣሉ እኮ!" ትለዋለች። ባለቤቱ ደግሞ እነዚያኑ፣ ከእናቷ እንደ ተማረችው፣ "ቀለበት" ስትላቸው ነው የኖረችው። ማርሽ ይህን በምን ይወቅ? እሷ ስትሠራ እሱ አጠገቧ ሲያንኮራፋ ነው ዕድሜውን የጨረሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ደጅ ልብስ ስታሰጣ እሱ መታጠቢያ ቤት ቆልፎ እየሠራ ሳለ፣ እጅጌው ላይ ቀዳዳ አየ። ደነገጠና ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ ብሎ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ከሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ ጉሮሮ ዝቅ ቢል የት ይደርሳል!

"ጉድ ሆኛለሁ፤ ዐይን ጥያለሁ! … እኔ ያየሁት ዛሬ ነው እንጂ ከጣልኩስ ሳልሰነብት አልቀርም … ኧረ ቀስ በይ፣ ሚስቴ ደጅ ናት … በቃ ነገ እመጣለሁ፣ አንቺው ታውቂያለሽ።"

ሲወጣ ሚስቱ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አንሶላውን እንደታቀፈች ወደ ደጅ ተመለሰች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን መልሷ "እህ" እና "አይ" ብቻ ሆነ።

"አሞሻል እንዴ?" አላት በማግስቱ።

"ምን ጤና አለኝ ብለህ ነው!" አለችና ቀና ብላ ቁም ሣጥኑን አየች። "እዚህ የነበረው ፌስታል የታለ?"

"የቱ ፌስታል?" አለ ማርሽ፤ ጆሮው ቀላ። ውሸት አይችልበትም።

ሴትዮዋ ምን ይሰማት? ባሏ በስተርጅና ዐይኑን ጥሏል፤ አልበቃ ብሎት ለራሷ የጀመረችውን አንድ ሹራብ ወስዶ ለሌላ ሴት ሰጥቷል። እሱ ደግሞ የተከፋችበትን ምክንያት ባያውቅም መከፋቷን አይቷል። ሁሉንም ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እጅጌው ሊያልቅ አራት ጣት ብቻ ነው የቀረው፤ አልቆ ሲያለብሳት ፊቷን ማየት አማረው። "ትንሽ ልውጣና ልምጣ" ብሎ ሹልክ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሶ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አንጠልጥሎ፣ ምላሱን አውጥቶ ሲሠራ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ሚስቱ ናት፤ ከቤት ጀምራ ተከትላዋለች፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

"የታለች?" አለች፣ ከስፌት ማሽኑ ጀርባ ያለችውን ልብስ ሰፊ ሳታይ።

"ማን?"

"ዐይንህን የጣልክባት!"

ማርሽ ክው አለ። "ማን ነገረሽ?" አለና እንደ ተያዘ ሌባ እጅጌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ "ይቺውና። አንዲት ዐይን ብቻ ናት፤ አሁኑኑ እተረትረዋለሁ" አላት።

ልብስ ሰፊዋ ስፌት ማሽኗ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሚስትየው ጣቱን አየች፣ መርፌዎቹን አየች፣ ወይን ጠጅ ክሩን አየች። ከዚያ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች።

"ቀለበት ነው እኮ የሚባለው!"

"እንኳንም አላወቅኩ! ቀለበቴን ጣልኩ ስል ብትሰሚኝ ኖሮ ሻንጣዬን ደጅ ነበር የማገኘው።"

ሦስቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ሚስትየው እጅጌውን ተቀብላ እንደ ፈተና ወረቀት ታገላብጠው ጀመር። "ይሄ እጅጌ ነው ገመድ? ምን ብለህ እንዲህ አጠበቅከው?" አለችና ባበጠ ጣቷ ዳሰሰችው። "እጄ እንቢ ሲለኝ፣ ከእንግዲህ ለምንም አልረባም ብዬ ነበር።"

"እጅ እኔ አለኝ" አላት ማርሽ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየሳበ። "አንቺ መንገዱን ምሪኝ፤ እኔ እነዳለሁ።"

የቀረችውን አራት ጣት እዚያው አብረው ጨረሷት፤ እሷ ትቆጥራለች፣ ትቆጣለች፣ እሱ ይሠራል። ቀዳዳዋን ሊተረትር ሲል ግን እጁን ያዘችው። እንዳትሰፋ ብቻ ዳርዋን በክር እንዲይዘው አደረገችና ተወቻት።

ብርዱ ሲገባ ሹራቡን ለበሰችው። ግራው እጅጌ ከቀኙ ይረዝማል። አንዷ ጎረቤት እጅጌውን ሳብ አድርጋ "ኧረ ይቺ ነገር ተቀድዳለች፣ ልስፋልሽ?" አለቻት።

"እንዳትነኪያት!" አለች ሴትዮዋ፣ ክንዷን ወደ ደረቷ እየሰበሰበች። "ባሌ ዐይኑን የጣለብኝ እዚህ ጋ ነው።"