ያልተቀመሰው ወጥ

ባለሱቁ ጀላል አፈ ሰፊውን የወይራ ጠርሙስ ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በሽርጡ ጠረገው። ከአስመራ ካመጣው ወዲህ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ወይራ ለወረታ ሰው የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፤ አረንጓዴ ፍሬውን ማን ይበላል?

«ጨው ውኃ ውስጥ የኖረ ነው እትዬ ሰኪና፤ ደጋግመው ይጠቡት» አላት። ዋጋውን ብትጠይቀው አንገቱን ደፋ። «የመሐመድዘይን ነገር እያለ የምን ዋጋ!»

መሐመድዘይን አንድ ልጇ ነው። ትናንት ከገበያ ታፍሶ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር በቀበሌው መጋዘን ተዘግቶበታል። ዛሬ ከምሳ በኋላ በመኪና ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይጫናሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያየህ ግን ሰኪና በወጣትነቷ አስመራ ጣሊያን ቤት ወጥ ትሠራ እንደነበር ያውቃል። አፈሳውን የሚመራው መቶ አለቃ ደግሞ አስመራ የበላው ዶሮ በወይራ ከአፉ አይጠፋም። «እሱን ደስ ካሰኘሽው ልጅሽን አስወጣልሻለሁ» ብሏታል ያየህ።

ዶሮዋን ያየህ ራሱ ባርኮ ላከላት፤ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ሰኪና ብልቱን አጠበች፣ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ወይራውን አለቅልቃ ጨመረች። ፍሬውን ቀምሳዋለች፤ ደህና ነበር። መረቁን ግን እንዴት አድርጋ ትቅመስ? ሌላ ቀን ቢሆን ክርስቲያን ጎረቤቷን ጥሩብርሃንን ጠርታ ታስቀምስ ነበር፤ ጥሩብርሃን ግን ወንድ ልጇን ከአፈሳ ልትሸሽግ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርዳለች። ሰኪና በሽታው ገመተች። እንደ ልማዷ ጨው ቆንጠር አድርጋ ጨመረች።

ምሳው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲቀርብለት መቶ አለቃው አንዴ ጎርሶ ተፋው።

«ምን አደረግሽበት?»

«ጨው በዝቶበት እንደሁ ነው ጌታዬ። አልቀመስኩትም።»

«ልጇን ያሰርንባት ሴት የሠራችውን አልቀመሰችም!» ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ ከሳህኑ ጎን አኖረው። «በይ፣ ብዪ።»

ሰኪና ያየህን አየችው። አብሯት ያደገ የወረታ ልጅ ነው፤ በየሠርጉ ለእስላሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ሲታረድ ኖሯል። ለምን እንዳልቀመሰች ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃት ነበር። ያየህ መሬት መሬት ያያል።

ውጭ የመኪናው ሞተር ተነሣ። ሰኪና ከሳህኑ ዳር አንዲት ወይራ አነሣች።

«ፍሬዋን አይደለም» አለ መቶ አለቃው። «ሥጋውን።»

ወይራዋን መለሰቻት። ከመኪናው ላይ ጎረምሶቹ እናቶቻቸውን ይጣራሉ፤ የልጇን ድምፅ ለመለየት ጆሮዋን ጣለች። ከዚያ አንዱን ብልት አነሣች። ቢስሚላህ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም።