አራተኛውን ተማሪው ይመርጣል

ትርፌ ከልጅነቷ ጀምሮ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፦ «እናንተ እንዳላችሁ።» የበዓል ልብስ ሲገዛላት እንዲያ አለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የምትማረውን የወሰነላት ወንድሟ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ የገበሬዎች ዩኒየን በእህል ጥራት ሠራተኛነት ሲቀጥራት እንኳ ወንበሯ የት እንደሚሆን የመረጡላት ሌሎች ናቸው። ጠባይዋ ጨዋ አሰኝቷት እንጂ ጎድቷት አያውቅም ነበር። የጎዳት የዓለም አቀፍ ንግድ ማስተርሷን ጀምራ ሁለተኛው መንፈቅ ሲደርስ ነው።

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን የምትማረው በኢንተርኔት ነው። ከሥራ መልስ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ኔትወርክ ሲፈቅድ በምስል፣ ሳይፈቅድ በድምፅ ብቻ ትከታተላለች። የመጀመሪያው መንፈቅ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረበትም። በሁለተኛው ግን ሦስቱ ትምህርቶች የግዴታ ሆነው፣ ከሥራቸው «አራተኛውን ተማሪው ይመርጣል» የሚል ሰፍሮ ነበር። ዓለም አቀፍ ፋይናንስ፣ የግብርና ምርቶች የውጭ ንግድ፣ የጉምሩክ አሠራር፣ የሆቴልና የቱሪዝም ገበያ፤ ከነዚህ አንዱን። የመመረቂያ ጥናቱም በተመረጠው ላይ ስለሚሠራ ምርጫው የአንድ መንፈቅ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ወዴት እንደምትሄድ የሚወስን ነው። የተሰጣት ጊዜ እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ነበር።

ዝርዝሩን ገና እንዳየች ዓይኗ ሁለተኛው፣ የግብርናው ላይ አርፎ ቀረ። ቀኑን ሙሉ እጇ ከባቄላና ከምስር የማይወጣ ሰው ባቄላና ምስር ከዚህ ወጥተው ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ቢያምራት አይገርምም። ግን እንዳማራት ለማንም አልተናገረችም።

ባህር ዳር ባንክ ቤት የሚሠራው ወንድሟ ዘመኑ ወሬውን ሲሰማ ወዲያው ደወለ። ፋይናንስ ካልሆነ ማስተርሱ ጊዜ ማጥፋት እንደሆነ፣ እሱ ያለበት ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚያውቅ ሰው አጥብቆ እንደሚፈልግ፣ ተመርቃ ስትወጣ ከመካነ ኢየሱስ አቧራ እንደምትገላገል ሲያስረዳት ቆየ። በመጨረሻም፦

«እህት ዓለም፣ ባቄላ ያለ ማስተርስ ስንት ዘመን ሲበቅል ኖሯል» አላት።

ትርፌ ሳቀች። የሳቀችው ቀልዱ አስቋት ነው። ዘመኑ ግን ሳቋን እንደ እሺታ ወስዶ፣ ደስ ብሎት ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ ወደ ጋይንት ተሳፈረች። አባቷ መሪጌታ ላቀው እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስተምራሉ። ድጓን በየአገሩ ያጠና ሁሉ ተፈትኖ ሊያስመሰክር የሚመጣው እዚያ ስለሆነ ደጃቸው ከተማሪ ተለይቶ አያውቅም። ትርፌም በተማሪ መካከል አድጋ፣ አባቷን እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነው የምትላቸው።

የኔታ ጉዳዩን ሲሰሙ ከምርጫው ይልቅ መጀመሪያ ያስጨነቃቸው የመምህሩ ብዛት ነበር።

«በአንድ ጊዜ አራት መምህር?»

«አዎ የኔታ።»

«አንዱ ያቀናውን ሌላው ቢያጣምምብሽስ?»

«ሁሉም የየራሱን ነው የሚያስተምረው።»

«አራት ጥማድ ባንድ ጊዜ የሚያርስ ገበሬ አላየሁም» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን እንግዲህ።»

ትርፌ የአራቱን ትምህርት ስም ነገረቻቸው። የትኛው እንዳማራት ግን አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። በእኛ ቤት ተማሪ አይመርጥም አሏት። ጾመ ድጓውን የጨረሰውን ወደ ድጓ፣ ድጓውን ያስመሰከረውን ወደ አቋቋም ወይም ወደ ቅኔ የሚመራው መምህሩ ነው። ተማሪ ይምረጥ ከተባለማ የሚቀለውን መምረጡ አይቀርም። ስለዚህ ለመምህሯ ትንገረው፤ እሱ ይምራት።

ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ ምክር የለም። ትርፌ ሸክሟ ከጀርባዋ ሲወርድ ተሰማት። በዚያው ዕለት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ለዶክተር መሐሪ በቴሌግራም ጻፈችለት፦ «ክቡር ዶክተር፣ የሚጠቅመኝን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የመረጡልኝን በደስታ እቀበላለሁ።» በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይም የምርጫውን ቦታ ባዶ ተወችው። መምህር እንዲመርጥ ከተጠየቀ በኋላ ተማሪ ቀድሞ ቢሞላው ድፍረት ይሆናል።

ከዚያ ጠበቀች። መልስ አልመጣም። የኔታ ጥያቄ ተጠይቀው ዝም ሲሉ እያሰቡ ነው ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ መምህርን መወትወት ደግሞ ነውር ነው። ዓርብ መጥቶ ሲያልፍም ሌሎቹ ተማሪዎች በቡድን መወያያቸው ላይ ሲንጫጩ እሷ ረጋ ብላ የሻጋታና የነቀዝ ምርመራዋን ትሠራ ነበር።

በሳምንቱ ገጹ ሲከፈት ከስሟ ትይዩ «የሆቴልና የቱሪዝም ገበያ» የሚል ተጽፎ አገኘችው።

ግራ ገባት። ሆኖም ዶክተሩ አስቦ የመረጠላት ስለመሰላት ከውስጡ ጥበብ ትፈልግ ጀመር። ምናልባት አንድ ቀን በጣና ዳር ሥራ ይገጥማት ይሆናል፤ ምናልባት መምህሩ እሷ ያላየችውን አይቷል። የአልጋ ዋጋ በበዓልና በክረምት እንዴት እንደሚተመን የሚያስረዳውን ምዕራፍ እያሰመረች አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ የፈለገችውን ጥበብ አላገኘችበትም።

ሐሙስ ዕለት የዶክተር መሐሪ መልስ መጣ። መልእክቷን ያየው ገና ዛሬ መሆኑን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ማንም እንዳልመረጠላት፣ ምርጫ ላልሞሉ ተማሪዎች ቦታ የተረፈበትን ትምህርት ኮምፒውተሩ በራሱ እንደሚሰጥ አስረዳት። እሱም ቢሆን ሊመርጥላት አይችልም፤ ስለ እሷ የሚያውቀው ስሟንና ውጤቷን ብቻ ነው። መቀየር የሚቻለው እስከ ሰኞ ስለሆነ የምትፈልገውን ከነምክንያቱ ደውላ ትንገረው። ካልሆነ ቱሪዝሙ ይጸናል።

ትርፌ መጀመሪያ በዶክተሩ ተናደደች፤ ቀጥሎ በአባቷ። መደወል አልቻለችም። ስልኩን ታነሳና መልሳ ታስቀምጣለች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ምክርዎ ይኸው የት አደረሰኝ ልትል፣ እንደገና ወደ ጋይንት ተሳፈረች።

የኔታን ያገኘቻቸው ዘወትር ከሚያስተምሩበት ወይራ ሥር ነው። ፊት ለፊታቸው ከስማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ የመጣ አወቀ የሚባል ጎልማሳ ተማሪ ቆሟል። ድጓውን አስመስክሮ፣ ወዴት ልሂድ ብሎ ሊሰናበት የመጣ ነው። የኔታ ለሥጋ ዘመድ ብለው ተማሪ የሚያቋርጡ ሰው ስላልሆኑ ትርፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ያስቆሙታል፣ ያስደግሙታል። ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩት ድምፁ የት እንደሚጠነክር፣ የት እንደሚዝል በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይከተሉታል። ደግሞ ይጠይቁታል። በልጅነቱ ማን እንዳስተማረው፣ ሲታክተው ምን እንደሚያደርግ ጠየቁት።

«ብቻህን መንገድ ስትሄድ የምታዜመው የቱን ነው?» አሉት ቀጥለው።

አወቀ አቀረቀረ።

«ተናገር። እዚህ ያለነው እኔና አንተ፣ ደግሞም ልጄ ናት፤ እሷ እንደሆነች አፍ የላትም።»

«የኔታ፣ ዜማው የድጓው ነው» አለ አወቀ። «ቃሉን ግን… አንዳንዴ የራሴን እጨምርበታለሁ።»

ትርፌ ቁጣ ጠበቀች። ድጓ ላይ የራስን ቃል መጨመር እዚያ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። የኔታ ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

«እንግዲያስ ወደ ቅኔ ቤት ሂድ። እዚህ ከቆየህ ድጓውን ታበላሽብኛለህ።»

አወቀ እየሳቀም እያለቀሰም ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ።

ትርፌ ይዛው የመጣችው ቁጣ ከየት እንደሚጀመር ጠፋባት። አባቷ መጥተው አጠገቧ ሲቀመጡ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የሆቴሉን ጭምር። ወሬው ሆቴሉ ላይ ሲደርስ የኔታ ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ለመምህሯ ስለ ራሷ ምን እንደነገረችው ጠየቋት።

«ምንም። የሚጠቅመኝን እርስዎ ያውቃሉ አልኩት።»

«ድምፅሽን ሳይሰማ?»

የኔታ ቀና ብለው ወይራውን አዩ።

«እኔም ያን ዕለት አልጠየቅሁሽም» አሉ በመጨረሻ። «ባዶ እጅሽን ነው የላክሁሽ። የትኛው ነው የምትፈልጊው?»

«የግብርናው» አለች። ቃሉ አንድ ቃል ነው፤ ሲወጣ ግን ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«በይ ተነሺ። ኔትወርክ ያለው ከጉብታው ላይ ነው።»

ዶክተር መሐሪ ስልኩን ሲያነሳ የመኪና ጥሩምባ ይሰማ ነበር። ትርፌ በይቅርታ ጀመረች። ይቅርታውን ትታ ወደ ምክንያቱ እንድትሄድ ነገራት። አባቷ ራቅ ብለው ቆመው ወደ ሸለቆው የሚያዩ መስለው ነበር።

«ባለፈው ዓመት ከእኛ ዩኒየን የወጣ ባቄላ ከወደብ ተመለሰ» አለች። «ጥራት ነው አሉን፤ ሌላ ነገር አልነገሩንም። የጥራት ሠራተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ አይቼ ያሳለፍኩት ባቄላ ነው። ካስረከቡት ገበሬዎች አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ‹ልጄ፣ ምን ጎደለው?› አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ቆመው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«አለሁ» አለ። «ቀጥይ።»

«ነቀዙን እለያለሁ፣ እርጥበቱን እለካለሁ። ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ ምን እንደሚፈልግ ግን የሚነግረኝ የለም። እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ፋይናንስ ብትመርጪ ቶሎ ሥራ ታገኛለሽ። ይህን አስበሻል?»

«አስቤዋለሁ። ወንድሜ ያስታውሰኛል።»

ዶክተሩ ሳቀ። ከዚያም ድምፁን ኮስተር አድርጎ፣ የግብርናው ክፍል ስታቲስቲክስ የሚበዛበት እንደሆነ፣ የእሷ የስታቲስቲክስ ውጤት ደግሞ ደካማ እንደነበር አስታወሳት። በማሟያነት ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ ይኖርባታል፤ ይህም ቅዳሜና እሑዷን ይወስዳል። ቢከብዳት መልሶ መቀየር የለም።

ትርፌ ስታቲስቲክስን እንደ ጅብ ነበር የምትፈራው።

«እወስዳለሁ» አለች። «የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ከሰኞ በፊት ስሟን እንደሚያዛውር ነግሯት ዘጋ። ትርፌ ደስታ ይመጣል ብላ ቆማ ጠበቀች። የመጣው ግን ፍርሃት ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ሲጣመምባት የመረጠላት ሰው አይጠፋም ነበር፤ በልቧ እሱን ትወቅስና ይቀልላታል። ይህኛው ቢጣመም የምትወቅሰው የላትም። ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

የኔታ ቀስ ብለው መጡ።

«ተቀበለሽ?»

«ተቀበለኝ። ግን ከባድ ነው አለኝ።»

«ስንት ወር?»

«አንድ ዓመት ከመንፈቅ።»

«ድጓ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ» አሉና አጠገቧ ሊቀመጡ በትራቸውን ተደገፉ። እሷም ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ከታች ተማሪዎቹ የቀትሩን ትምህርት ጀምረዋል፤ አንዱ ሲስት ሌላው ሲያርመው ይሰማል። ትርፌ ስልኳን ከፍታ የስታቲስቲክሱን የመጀመሪያ ገጽ ፈለገች። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። አባቷም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ እስኪወርድ አብረዋት ጠበቁ።