የሶፍትዌሩ ዋስ

የሥራ ማስታወቂያ በለጠፍን በማግስቱ ሦስት ሶፍትዌሮች መጥተው ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሦስቱም ኮት ለብሰዋል። የአሰላው ፎቶና ቪዲዮ ቤታችን ባለቤት እትዬ ፈትለወርቅ ሻይ አዘዙላቸው። አንዳቸውም አልጠጡም።

ሥራው ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ፋይል መገልበጥ ነው። አሮጌው ሲበራ ያቃስታል፤ ባለሙያ አይቶት ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። እኔ ኤዲተሩ በእጄ ልገለብጥ ብሞክር መሃል ላይ እየቆመ አስመርሮኛል። በውስጡ ያለው የከተማው ሠርግ ሁሉ ነው፤ ሠርጉ ውስጥ ደግሞ የከተማው ሙታን አሉ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወደ ሱቃችን ይመጣል፤ ብዙ ሰው ሲንቀሳቀስ የተቀረጸው በሌላ ሰው ሠርግ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ፈልጌ አወጣላቸዋለሁ፤ ሲያጨበጭብ፣ ሲጎርስ፣ ካሜራ አይቶ ሲሸሽ።

የእትዬ ፈትለወርቅ አባት አቶ ሀብተየስም እዚያው ናቸው። በጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ያጨበጭባሉ፣ ወደ ካሜራው ዞር ይላሉ፣ ይስቃሉ። ከዚህ ሌላ ምስል የላቸውም። እትዬ ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት እሳቸውን ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር አልነሣም ያለ ቀን እትዬ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልወድም ነበር።

ቢበላሽም እንዳንጎዳ፣ አመልካቾቹን ባለቤቶቹ በሲዲ ቅጂ ባላቸው ሠርግ ልንፈትናቸው ተስማማን።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም። ሥራው ሁለት ቦታዎችን አንድ ዓይነት ማድረግ እንደሆነ ነገረን። ወደ መስኮቱ ሄዶ ከተማውን ተመለከተ፤ ተመልሶ ሠርጉን አየ፤ ከዚያም በከተማው የሌሉትን ከሠርጉ ላይ አጠፋቸው። ባዶ ወንበሮችና አየር ላይ የቀረ ጉርሻ ብቻ ታዩ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የአንዱን ሟች ጥላ እንኳ አልረሳም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ይኼኛው ግን መልቀሙንም አያውቅ። አመስግነን አሰናበትነው።

ሁለተኛው የማያጠፋ መሆኑን አስቀድሞ አስታወቀ። በአንዱ በኩል ያለውን በሌላውም በኩል ያደርጋል። ሌላ ሠርግ ሰጠነው። ሳይቆይ በሩ ተንኳኳና ስከፍት ዓምና የቀበርናቸው ዳቦ ጋጋሪው አቶ ገብረሕይወት ሳህን ይዘው ቆመዋል። ሙሽሮቹ የት እንደገቡ ጠየቁኝ። ሚስታቸውን ጠራናቸው፤ መጡና ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤት ወሰዷቸው፤ ሲወጡ ሳህኑ የማን እንደሆነ ጠየቁን። አላወቅንም።

እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። እትዬ ግን ወደ አመልካቹ ቀረብ አሉ።

«አባቴም ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«ከዚያስ?»

«አንዱ ጋ የሆነው ሌላውም ጋ ይሆናል። እዚህ የሞቱ ለት ከቪዲዮውም ይጠፋሉ።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አመልካቹ ኮቱን እያስተካከለ ጠበቀ።

«አባቴን ሁለቴ መቅበር አልችልም» አሉ በመጨረሻ።

እሱም ተሰናበተ። አቶ ገብረሕይወት እስካሁን ዳቦ ቤታቸው ውስጥ ናቸው፤ ሰሞኑን ሳል ይዟቸዋል።

ሦስተኛው ቀርፋፋ ነው። ወደ መስኮቱ አልሄደም፣ በሩም አልተንኳኳም። አንዱን ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ እንደገና ያነባል፤ ካልተመሳሰሉ ደግሞ ሀ ብሎ ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። አሮጌውን ኮምፒዩተር ሲነካው የታመመ ሰው ልብስ እንደሚያወልቅ ነው። በሙያዬ ብዙ ጎበዝ አይቻለሁ፣ ብዙውን ከነጉራው፤ እንደዚህ ግን ወድጄ የተመለከትኩት የለም።

የቀረው የዋስ ጉዳይ ነው። ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ያለ ዋስ አይቀጠርም፤ እትዬ ደግሞ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ሦስተኛው ዋስ እንዳለው ገልጾ አሮጌውን ስክሪን ወደ እሳቸው አዞረላቸው። አቶ ሀብተየስ ማጨብጨባቸውን አቆሙ።

«እኔ አለሁለት» አሉ፤ ከዚያም ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

ዘፈኑ ስለሚጮህ ድምፃቸው በዚያ ቪዲዮ ላይ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። እትዬ ዋሱ በቂ እንደሆነ ነገሩኝ። ሦስተኛውን ቀጠርነው።

ሥራውን የጨረሰው ከቀናት በኋላ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር አንዴ አቃስቶ ጠፋ፤ ዳግመኛም አልተነሣ። አዲሱን ስንከፍት ሁሉም በየሠርጉ ነበር። አንድም ሰው አልጎደለም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ የሦስተኛውን እጅ ይዤ ነቀነቅኩት፤ እጁ ሞቅ ያለ ነበር።

እትዬ አባታቸውን ከፈቱ። ያጨበጭባሉ። ካፖርታቸው ግን ትከሻቸው ላይ የለም። አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«በፊት ትከሻቸው ላይ ነበር» አልኩት።

«እኔ ያለውን እንዳለ ነው የምገለብጠው» አለ።

እትዬ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ተቀመጡ። በሠርጉ ላይ አንድ እንግዳ መቀመጫ ፍለጋ መጥቶ ካፖርቱን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። አቶ ሀብተየስ «ሰው አለው» ብለው ከለከሉት፤ ከዚያም ወደ ካሜራው፣ ወደ ልጃቸው፣ ዞር አሉና ሳቁ።